ደብተሩ በማን ስም ይሁን?

ባለፈው ወር ከዩኒቨርሲቲው በር ላይ ጫማችንን የሚጠርግልን ልጅ ታሞ ከሣጥኑ አጠገብ ተጠቅልሎ አገኘነው። ዕድሜው ቢበዛ አሥራ ሁለት ቢሆን ነው፤ አገሩ ጎጃም ነው። ትኩሳት ይዞታል፤ ደረቱን ይወጋዋል። ለሁለት ደግፈን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። መዝገብ ያዡ አስቀድሞ የጠየቀው ሕመሙን ሳይሆን የጤና መድን ደብተሩን ነው። ልጁም ፈጥኖ «አባቴ አለው» አለ። እውነቱን ነው። አባቱ በየዓመቱ እህል ሸጦ መዋጮውን ይከፍላል፤ የልጁም ስም በደብተሩ ላይ ሰፍሯል፤ ነገር ግን ደብተሩ የሚያገለግለው በዚያው በአባቱ ወረዳ ነው። ከኪሳችን አዋጥተን አሳከምነው፤ የሳንባ ምች ነበር። አሁን ድኖ ወደ ሣጥኑ ተመልሷል። ይህን የምንጽፈው ራሳችንን ለማመስገን አይደለም። እንዲያውም ከመካከላችን አንዱ ያዋጣትን ብር እስከ ዛሬ ያነሣል።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር በቤተ ሰብ ላይ የተመሠረተበት ምክንያት አይጠፋንም። እያንዳንዱ ለየራሱ ይመዝገብ ቢባል የታመመው ብቻ ይመዘገብና የመዋጮው ሣጥን ባዶ ይቀራል። አባወራው ሲከፍል ግን ሚስቱም ልጆቹም ይታከማሉ፤ መክፈል ለማይችለው ደግሞ መንግሥት ይከፍልለታል። በዚህ ሥራ የሚቀልድ ሰው ገበሬው ለሐኪም በሬውን ይሸጥ የነበረበትን ጊዜ የረሳ ነው። ክትባቱም ደብተር ሳይጠየቅ በነፃ ይሰጣል። በአገራችን በሕይወት ከሚወለዱት 1,000 ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በ2000 እ.ኤ.አ. 166 ነበሩ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. 67 ሆነዋል። እንግዲህ ከሞት የተረፈው ይኸው ልጅ ነው ሣጥኑን ተሸክሞ ከተማ የሚገባው።

ለመሆኑ ልጅ ሁሉ ከአባቱ ጋራ ይኖራል ያለው ማነው? ሊስትሮው፣ ሎተሪ አዟሪው፣ በሰው ቤት የምታገለግለው ልጅ በማን ደብተር ላይ ናቸው? የቤት ሠራተኛዪቱ እንግዳ ሲመጣ «እንደ ልጃችን ናት» ትባላለች፤ ደብተሩ ሲሞላ ግን ስሟን የሚያነሣ የለም። ይህን በገዛ እናቶቻችን ቤት አይተን ዝም ብለናል። በነፃ ይታከሙ እንዳይባል፣ ድኽነታቸውን የሚመሰክር ቀበሌው ነው፤ ቀበሌውም የቤት ቁጥር ይጠይቃል። በረንዳ የቤት ቁጥር የለውም።

የእኛ ሐሳብ ይህ ነው፤ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ሁሉ በራሱ ስም ደብተር ይኑረው፤ በታመመበት ቦታም ያገልግለው፤ ሒሳቡን ወረዳና ወረዳ ይተሳሰቡበት። ልጆች ሁሉ በአንድነት ከተመዘገቡ፣ የታመመው ብቻ ይመዘገባል የሚለው ሥጋት ይቀራል። ወጪው ግን እውነተኛ ወጪ ነው፤ ከግብር መውጣት አለበት፤ ግብር ከፋዮቹም ነገ እኛው ነን።

እስከዚያው ድረስ ማኅበራችን በበሩ ዙሪያ ያሉትን ልጆች መዝግቦ ወደ ቀበሌው መልእክተኞች እንዲልክ እንጠይቃለን። ዝርዝሩን ጀምረነዋል፤ የመጀመሪያው ስም የዚያ የጎጃሙ ልጅ ነው።