አሳሳሚው ኃላፊ

ሰሞኑን ራያ ውስጥ ዋጃ ላይ ደሜን ያፈላው የሰኔ ሙቀት አይደለም። ከተሾመ ወር ያልሞላው አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ የተጣሉትን የንብረት ክፍል ሠራተኛና የግዢ ሠራተኛ ጠርቶ፣ ቡና አስፈልቶ፣ «በሉ ይቅር ተባባሉ» ብሎ አሳሳማቸው። «ጋሼ፣ እንደ አባቶቻችን በሽምግልና ጨረስኩት» አለኝ ፊቱ በርቶ።

ምኑን ጨረስከው? የግዢ ሠራተኛው ዕቃው መጋዘን ሳይገባ «ሞዴል 19 ፈርሚልኝ» አለ፤ የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ አልፈርምም አለች። ጠቡ ይኸው ነው። ሞዴል 19 ላይ መፈረም ዕቃውን ቆጥሬ ተረክቤያለሁ ማለት ነው፤ ነገ ኦዲተር መጥቶ ቢጎድል ተጠያቂዋ እሷ ናት። ሴትዮዋ ሥራዋን ሠራች እንጂ ማንንም አልበደለችም። ከእንግዲህ ግን አልፈርምም ባለች ቁጥር «ታርቃችሁ የለም እንዴ?» ልትባል ነው።

ኃላፊው ይህን «ሁለቱም አሸናፊ» የሚሉትን ነገር ከየት እንዳመጣው አውቃለሁ። ከነዚያ አበል ከሚከፈልባቸው የሆቴል ስልጠናዎች ነው።

አባቶቻችንን ግን በከንቱ አያንሳብኝ። የራያ የሽማግሌዎች ጉባኤ፣ ዘወልድ፣ ደም ሲያደርቅ ማን ምን እንዳደረገ አጣርቶ፣ ካሳ ቆርጦ፣ አስምሎ ነው። ከተራራው የወረደውን ጎርፍ ከላይ ያለው ገበሬ ጠልፎ ቢያስቀረው፣ የታችኛው ማሽላ እየደረቀ «ተሳሳሙ» የሚል ሽማግሌ እዚህ አገር አላየሁም። መጀመሪያ ቦዩ ይታያል፤ ተራ ይወጣል።

አንድ ወዳጄ ደግሞ «ሁለቱንም ማባረር ነው» ይላል። ሲያወሩት ቀላል ነው። በግል ድርጅት እንኳ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያለማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብት የሚሰጠው ጥፋቱ ከታወቀ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ነው፤ እያስታረቀ የሚከርም አለቃ ያን ጊዜ ያሳልፈዋል።

ደግሞስ የግዢው ልጅ ምን አጠፋ? ሰኔ 30 በጀት ይዘጋል። ነጋዴው ካልተከፈለኝ አልጭንም ይላል፤ ገንዘብ ያዧ ያለ ሞዴል 19 ሳንቲም አላወጣም ትላለች። ልጁ መሐል ቤት ተቀርቅሮ የቀረበውን ሰው ጨቀጨቀ። ለነጋዴው ደውሎ «ዕቃው ዋጃ ሳይራገፍ ብር የለም» ማለት ያለበት ኃላፊው ነው። ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልደወለም።