የቤተሰብ ማዕዘን፦ በጥድ ሥር፣ በገደል አፋፍ



ድንኳን በአገራችን ብዙ ትርጉም ያለው ነገር ነው። ለሙሽራ ይተከላል፤ ለሐዘንተኛም ይተከላል፤ ለወታደር ግን ቤቱ ነው። ስለሆነም አንድ የሠራዊት አባል የዓመት ፈቃዱን አግኝቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ «ልጆቹን ይዘን ወደ ደጋ እንውጣና ተራራ ላይ ድንኳን ተክለን እንደር» ቢል፣ ባለቤቱ «ዓመቱን ሙሉ በድንኳን ማደርህ አንሶህ ነው?» ብላ ብትጠይቀው ጥያቄዋ ተገቢ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት፣ መልሱን የተቀበለውም ቤተሰብ በሰላም ደርሶ በሰላም እንዲመለስ ሊያውቃቸው የሚገቡትን ነገሮች ለማስጨበጥ የታሰበ ነው።

በግዳጅ ላይ ድንኳን የሚተከለው በትእዛዝ ነው። ቦታውን አዛዥ ይመርጣል፤ ጥበቃው በተራ ይደለደላል፤ ስንቁ በልክ ይታደላል። ቤተሰቡ ይህን ኑሮ የሚያውቀው በወሬ ብቻ ነው። አባት፣ እናትና ልጆች በአንድ ሸራ ሥር ሲያድሩ ግን፣ ልጅ አባቱ ካስማ እንዴት እንደሚመታና በጨለማ ድምፅን እንዴት እንደሚለይ በዓይኑ ያያል። ሚስትም ባሏ በሌለበት ቤቱን ያቆመችበትን ብልኃት በሜዳ ላይ ታሳየዋለች። አንዱ የሌላውን ድካም የሚማርበት ሌሊት ነውና ከሽርሽር የበለጠ ዋጋ አለው።

ይሁን እንጂ በዚህ በምሥራቅ ሱዳን ድንበር አካባቢ ድንኳን ስንል አንድ ነገር መዘንጋት የለብንም። በ1977 ዓ.ም. በድርቁና በጦርነቱ ዘመን ብዙ ወገኖቻችን ወደ ገዳሪፍ አውራጃ ተሻግረው በኡም ራኩባና በሌሎች ሰፈሮች በሸራ ሥር አድረዋል። ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮም ያው ኡም ራኩባ እንደገና የስደተኞች ሰፈር ሆኗል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ጉዞው ተገልብጦ፣ የሱዳን ቤተሰቦች ልጆቻቸውን አዝለው በገላባትና በመተማ በኩል ወደ እኛ መጥተዋል። እነዚህ ሁሉ በድንኳን ያደሩት ወደው አይደለም። ወዶ ድንኳን የሚተክል ቤተሰብ እንግዲህ፣ ዕድሉ ምን ያህል የተለየ መሆኑን ለልጆቹ ቢነግራቸው መልካም ነው።

ወዴት እንሂድ ለሚለው መልሱ ቅርብ ነው። ከገዳሪፍ እስከ መተማ የተዘረጋው ምድር ሰሊጥና ማሽላ የሚበቅልበት፣ ከባሕር ጠለል በላይ 600 እና 700 ሜትር ያህል ብቻ ከፍታ ያለው ሜዳማ ቆላ ነው። ነገር ግን ከመተማ ተነሥቶ በገንዳ ውኃና በአይከል በኩል ጎንደር የደረሰ ሰው፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፎ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ደባርቅን ያገኛል። ከዚያ በኋላ የሰሜን ተራሮች ይጀምራሉ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ የተከለለ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ በድንኳን ማደሪያነት የታወቁ ቦታዎች ናቸው።

በአካባቢው ስለሚታየው ዛፍ አንድ ቃል እንጨምር። እኛ «ጥድ» የምንለው የሐበሻ ጥድ በተፈጥሮው ከፈረንጅ ጥድ ወገን እንጂ፣ ፈረንጆች በየተራራቸው ከሚያበቅሉት መርፌ ቅጠል ዛፍ ወገን አይደለም። ያ ዛፍ የአገራችን ተወላጅ አይደለም፤ በየተከላው የምናየው ፓቹላ ከሜክሲኮ የመጣ ነው። በሰሜን ከታች በኩል ጥድና ወይራ፣ ከፍ ሲል አስታ፣ ከዚያም በላይ ጓሳ ሣርና ጅብራ ይገኛሉ። ጅብራ ብዙ ዓመት ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው። አንዱን ለማገዶ የቆረጠ ሰው የብዙ ዓመት ዕድሜ በአንድ ምሽት አነደደ ማለት ነው።

ከዚህ ደን ጫፍ ላይ ምድር በድንገት ታልቃለች። በአንዳንድ ቦታ ገደሉ እስከ 1500 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። የጅንባር ወንዝ ከዚህ አፋፍ ተወርውሮ ጥልቁ ውስጥ ይጠፋል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ቀን በመቶዎች ሆነው ሣር ሲግጡ ይውላሉ፤ ማታ ደግሞ ነብርና ጅብ ወደማይደርሱበት የገደል እርከን ወርደው ያድራሉ። ዋልያም በዚህ ተራራ ብቻ ይኖራል። ዋልያ በመሣሪያ አደን ሊጠፋ ተቃርቦ ስለነበረ ፓርኩ የተቋቋመው በተለይ እርሱን ለማዳን ነው። ስለዚህ ፈቃድ ላይ ያለ ወታደር ወደዚህ ቦታ ሲወጣ ጠመንጃውን በክፍሉ ትቶ ይምጣ።

አሁን ወደ ጥንቃቄው እንለፍ።

የመጀመሪያው ብርድ ነው። በየ1000 ሜትር ከፍታ ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ከመተማ ተነሥቶ 3600 ሜትር ላይ የሚገኘው ጨነቅ የደረሰ ቤተሰብ እንግዲህ 2900 ሜትር ያህል ወጥቷልና 19 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ከኋላው ትቷል። በበጋ ሌሊት ውኃ በኮዳ ውስጥ ሊረጋ ይችላል። በቆላ የተወለደ ሕፃን ይህን ብርድ ከቶ አያውቀውም። እኅቶቻችን ሆይ፣ ለአንድ ልጅ አንድ ወፍራም ልብስ ከማልበስ ይልቅ ሦስት ስስ ልብስ መደራረብ ይበልጣል። ከላይ ከሚደረበው ጋቢ ይልቅም ከሥር የሚነጠፈው አጎዛና ብርድ ልብስ ይበልጣል፤ ብርዱ የሚገባው ከመሬት ነውና። ማታ በላብ የረጠበ ልብስ ለብሶ መተኛት ፈጽሞ አይገባም።

ሁለተኛው አየሩ ነው። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሲሶ ያህል ያንሳል። ወታደር ጉልበቴ ጠንካራ ነው ብሎ በአንድ ቀን ከቆላ ተነሥቶ ጫፍ ልውጣ ቢል ተራራው አይሰማውም። ደባርቅ አንድ ሌሊት አድሮ፣ በማግሥቱም ሳንቃበር ላይ አርፎ መውጣት ብልኅነት ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ናቸው። ሰውየው ቢንገዳገድ፣ ንግግሩ ቢዛባ፣ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ቢያጥረው፣ ሌሊትም ቢሆን ያለ ክርክር ወደ ታች ማውረድ ያስፈልጋል። መድኃኒቱ ቁልቁለቱ ነው።

የአየሩ መሳሳት ለማዕድ ቤትም ይተርፋል። በ3600 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው 88 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ባቄላና ሥጋ ቶሎ አይበስልም፤ ማገዶም በከንቱ ያልቃል። ስለዚህ የቆየው የዘማች ስንቅ፣ ማለትም በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ኮቾሮ፣ እዚህም ይመሰገናል። ትኩስ ነገር ካስፈለገ ሽሮና አጥሚት ይበቃሉ።

ሦስተኛው ትኩሳት ነው። በደጋው ብርድ የወባ ትንኝ የለችም። ነገር ግን ከቆላ የመጣ ሰው በሽታውን በደሙ ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ ወባ ሰውን ከተናከሰች በኋላ ሳምንትና ከዚያም በላይ ቆይቶ ሊነሣ ይችላልና። ከመተማ የመጣ ልጅ ተራራ ላይ ቢያተኩሰውና ቢያንቀጠቅጠው «ብርድ መታው» ብሎ በጋቢ ጠቅልሎ መጠበቅ አደጋ ነው። ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ወርዶ ደሙን ማስመርመርና ከየት እንደመጡ ለባለሙያው መንገር ይገባል።

አራተኛው የድንኳኑ ቦታ ነው። የገደሉ ጫፍ ለዓይን ያማረ ቢሆንም ለእንቅልፍ የሚሆን አይደለም። ጉም ሲወርድ አዋቂም አፋፉን ይስታል፤ ሌሊት ለሽንት የተነሣ ልጅማ ምን ይበጀው! ድንኳኑ ከጫፉ ርቆ፣ ደጃፉም ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ ይተከል። ሕፃናት ካለ እናት ወይም ካለ አባት እጅ ሌሊት እንዳይወጡ አስቀድሞ ሕግ ይውጣ።

ወደ ታች በቆላው ለሚያድር ደግሞ ደረቅ የወንዝ አሸዋ ያታልላል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በጁን 1861 (ሰኔ 1853 ዓ.ም.) በአትባራ ዳር ሰፍሮ ነበር። ወንዙ ፈጽሞ ደርቆ፣ ሰዎቹ ለስላሳው አሸዋ ላይ ተኝተው ሳለ፣ በሌሊት እንደ ሩቅ ነጐድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ። በሰፈሩ ጠብታ ዝናብ አልነበረም፤ የዘነበው በእኛ ደጋ ነበር። የተኙት በጩኸት ተቀስቅሰው ወደ ዳር ሸሹ። ሲነጋ ያ ደረቅ አሸዋ ሰፊና ጥልቅ ወንዝ ሆኖ ተገኘ። አበው «እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ» ያሉትን ያስታውሰናል፤ የአትባራ ውኃ ግን በዚያ ሌሊት ለማሳሳቅ እንኳ ጊዜ አልሰጠም። ስለሆነም ሰማዩ ጥርት ቢልም በደረቅ ወንዝ ውስጥ ማደር የለም።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚብሰው እሳት ነው። ሁለት ዓይነት ጥፋት አለው። አንደኛው በድንኳን ውስጥ ነው። ብርዱ ሲበረታ ከሰል የያዘ ምድጃ ወደ ውስጥ አስገብቶ በሩን መዝጋት ቤተሰብን በእንቅልፍ ላይ እንዳለ ይገድላል። የከሰሉ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ስለዚህ ፍሙ የቱንም ያህል ቢጠፋ፣ ምድጃው ውጭ ይደር።

ሁለተኛው በውጭ ነው። ጥድ ሙጫ አለው፤ አስታና ጓሳ በበጋ እንደ ገለባ ይነዳሉ። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ጓሳና አስታ በእሳት ሲቃጠሉ፣ የአካባቢው ሕዝብ ቅጠልና አካፋ ይዞ ገደል ለገደል ታግሏል። እሳቱን ለማጥፋት ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም ባለሙያዎች እስከ መምጣት ተደርሷል። ፓርኩ ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሮ ከቆየ በኋላ መዝገቡን በወጣ በሁለት ዓመቱ የደረሰ ጉዳት ነበር። የእሳት መነሻ ምንም ይሁን ምን፣ አንድ የተረሳ ፍም ለዚህ ይበቃል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል እዚህ ቃል በቃል ይሠራል። እሳት ከተፈቀደበት ቦታ ውጭ አይነድ፤ እንጨት ከደኑ አይቆረጥ። ከመተኛት በፊት ውኃ ይፍሰስበት፤ ከዚያም አመዱ በእጅ መዳፍ ይፈተሽ። እጅ የሚያስደነግጥ ሙቀት ካለ ገና አልጠፋም።

«ይህ የደጋ ሰው ጉዳይ ነው፤ እኛ የቆላ ነዋሪዎች ምን አገባን?» የሚል ካለ ወንዙን ይከተል። የሰሜን ጅረቶች ወደ ተከዜ ይወርዳሉ፤ ተከዜ ሰቲት ተብሎ ከአትባራ ጋር ይገናኛል። ጓንግና አንገረብም ወደዚያው ይፈሳሉ። የደጋው ሣርና ደን ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይዞ ቀስ እያለ ይለቃል። ሲቃጠል ግን ውኃው አፈሩን ይዞ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1964 በአትባራ ላይ የተሠራው የኸሽም ኤል ጊርባ ግድብ የመያዝ አቅሙን ታላቅ ክፍል ያጣው ከደጋ በሚወርድ ደለል ነው። ስለሆነም ተራራው ላይ የሚጠፋ ደን የወገራን ገበሬ ብቻ የሚጎዳ አይደለም፤ ድንበር ተሻግሮ የገዳሪፍን ገበሬም ያገኘዋል።

በመጨረሻም፣ ጉዞውን ያሰበ ቤተሰብ የመንገዱን ደኅንነት ከመነሣቱ በፊት ያጣራ፤ በደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ ጠባቂ ይዞ ይውጣ። መንገዱ ሰላም ካልሆነ ተራራው የትም አይሄድምና ለሌላ ፈቃድ ይቆይ። ጊዜው ሲፈቅድ ደግሞ፣ አባወራው ካስማውን ይምታ፣ እመቤቲቱ ቦታውን ትምረጥ፣ ልጆች ውኃ ቀድተው እሳቱን ያጥፉ። በማግሥቱ ድንኳኑ ሲነቀል ከተጋደመው ሣር በቀር እዚያ ሰው ማደሩን የሚያሳይ ምልክት ካልተገኘ፣ ያ ቤተሰብ ፈተናውን አልፏል።

እስከሚቀጥለው ሳምንት በደኅና ሰንብቱ።