በሸራ የተሸፈነችው ባለ ሦስት እግር

አጎቴ ግቢ ውስጥ፣ ከውኃ ሮቶው አጠገብ፣ በሰማያዊ ሸራ የተሸፈነች አንዲት ተሽከርካሪ አለች። ሞተሯ ይነሳል። ፍሬኗ ይይዛል። መብራቷ፣ ፍሬቻዋ፣ ክላክሷ ይሠራሉ። ከቆመች ግን ስምንት ወር ሞላት። የቆመችው ተበላሽታ አይደለም። ታርጋ ስለሌላት ነው። ታርጋ ለመስጠት የሚመረምራት ቢሮም አልተገኘም።

ስለዚች ተሽከርካሪ ልጽፍ ስነሳ አንድ ወዳጄ "በዚህ ሁሉ አገራዊ ጉዳይ መሃል ስለ አንድ ስኩተር ልትጽፍ ነው?" አለኝ። አዎ፣ ልጽፍ ነው። እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ከቆያችሁ ጉዳዩ የአንድ ስኩተር ብቻ እንዳልሆነ ታያላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ ሬዲዮና ሞባይል ጠጋኝ ነው። በልጅነቱ ፖሊዮ ቀኝ እግሩን ስለጎዳው በክራንች ነው የሚሄደው። የሚኖረው ከደቡብ የባጃጅ ከተሞች በአንዷ ነው። ከተማዋን አልጠራም፤ ችግሩ የአንድ ከተማ አይደለምና። ከቤቱ እስከ ሱቁ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዕድሜውን በሙሉ በባጃጅ ሲመላለስ ኖሯል። አንዳንዱ ሾፌር ክራንቹን ሲያይ ሳይቆም ያልፋል። የሚቆመው ደግሞ "በኮንትራት ከሆነ" ይላል። ዝናብ የጣለ ቀን ቤቱ ይውላል። ሱቁን ዘግቶ የዋለ ጠጋኝ ማታ ምን ይዞ እንደሚገባ እናንተም ታውቁታላችሁ።

የሰፈሩ ልጅ ነው መላ ያመጣው። ትንሽ ብየዳ ቤት አለው፣ ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት ነው። አንድ ቀን መጥቶ "ጋሼ፣ ያቺን የቆመች ስኩተር ቢሰጡኝ እርስዎ የሚነዷት ነገር አደርጋታለሁ" አለው። ስኩተሯ ከአንድ ደንበኛ በዕዳ የተያዘች፣ ሊብሬ ያላት፣ ዓመታት የቆመች ናት። አጎቴ ሰጠው።

እውነቱን ልናገር፤ የመጀመሪያው ሥራ አደገኛ ነበር። ልጁ ከስኩተሯ ኋላ ቱቦላሬ በየደና ሁለት ጎማ በአንድ ወጥ ብረት ላይ አስሮ በሰንሰለት እንዲዞር አደረገ። ከዚያ ቀይ ቀለም ቀባት፣ መቀመጫዋን በቆዳ አለበሳት፣ ጎንና ጎኗ ላይ መብራት ደረደረላት። ሰፈሩ ወጥቶ አጨበጨበ። በሁለተኛው ሳምንት መታጠፊያ ላይ ተገለበጠች። የአጎቴ ክርን ተላጠ፣ አንዱ ክራንች ተሰበረ። እግዜር ይመስገን፣ ከኋላ የሚመጣ መኪና አልነበረም።

ለምን ተገለበጠች? ይህን ማወቅ ለኋላው ክርክራችን ስለሚጠቅም ትንሽ ታገሱኝ። ተሽከርካሪ ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ሁለቱ በአንድ ወጥ ብረት ከታሰሩ ግን እኩል ለመዞር ይገደዳሉ። ስለዚህ መሪውን ብታዞረውም እሷ ቀጥ ብላ መሄድ ትፈልጋለች። ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው ዲፈረንሻል ነው። ሌላው ችግር ክብደት ነው። ፊት አንድ፣ ኋላ ሁለት ጎማ ያላት ተሽከርካሪ ሚዛኗን የምትጠብቀው ክብደቱ ዝቅ ብሎ ወደ ኋለኞቹ ጎማዎች ሲጠጋ ነው። እየታጠፈች ፍሬን ከተያዘ ክብደቱ ወደ ብቸኛዋ የፊት ጎማ ይሸሻል፣ ያን ጊዜ መገልበጥ ቅርብ ነው። የልጁ ሥራ ከፍ ያለ መቀመጫና ጠባብ ኋላ ነበረው። ዲፈረንሻል አልነበረውም።

ልጁ አፈረ፤ ግን አልሸሸም። ከአንድ የተጋጨ ባጃጅ ባለቤት የኋላ ክፍሉን ከነሞተሩ፣ ከነካምቢዮው፣ ከነዲፈረንሻሉ በደረሰኝ ገዛ። የስኩተሯን የፊት አካልና መሪ ይዞ ኋላዋን እንደ አዲስ ሠራው። ስፋቷን ጨመረ፣ መቀመጫውን ዝቅ አድርጎ ወደ ኋላ ሳበው። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ነገር ነው እኔ ከሁሉ በላይ የማደንቀው። አጎቴን በርጩማ ላይ አስቀምጦ "ጋሼ፣ ምን ያስቸግርዎታል?" እያለ አንድ በአንድ ጠየቀው።

የባጃጅ የፍሬን ፔዳል ለቀኝ እግር የተሠራ ነው። የአጎቴ ጤነኛ እግር ግራው ነው። ልጁ ፔዳሉን ወደ ግራ አዛወረው። አጎቴ ወርዶ ተሽከርካሪ መግፋት አይችልም። ከባጃጁ ጋር የመጣው የኋላ ማርሽ ይህን ፈታለት። ሞተሩን በእግር መምታት አይችልም፤ ከመቀመጫው ጎን ባለ የእጅ ማንሻ እንዲነሳ ሆነ። ዳገት ላይ ሲያቆም እንዳትንሸራተት የእጅ ፍሬን ገባላት። ክራንቾቹን የሚይዝ የፕላስቲክ ቱቦ በጎኗ ታሰረ። ቀለሟ ሳይቀየር ያው ቀይ ቀረ።

እኛ አገር "ሞዲፋይ" ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው ማሳመርን ነው። ጎማ ማስፋት፣ ድምፅ ማስጮህ፣ መብራት መደርደር። ልጁ በሁለተኛው ዙር የገባው ሞዲፋይ ማለት ማስማማት መሆኑ ነው። ተሽከርካሪዋን ከሰውየው አካል ጋር ማስማማት። ይህን የትኛውም አስመጪ ከመርከብ አውርዶ አይሸጥልህም።

ቀጥሎ ወደ ቢሮ ሄዱ። እኔም አብሬ ነበርኩ። ሠራተኛው ሊብሬዋን አገላብጦ "ይሄ የስኩተር ነው። ይቺ ስኩተር አይደለችም" አለ። አጎቴም "እሺ፣ ባጃጅ በሉኝ" አለ። "ባጃጅም አይደለችም። ፋብሪካዋ የት ነው? ሞዴሏ ምንድን ነው?" አጎቴ ዝም ብሎ ልጁን አየው። ልጁ መሬት መሬት አየ። በመጨረሻ ሠራተኛው "አባቴ፣ እኔ የምሞላው ቅጽ ላይ የለችም" አለ።

ሠራተኛው ክፉ ሰው አልነበረም። ለአጎቴ የራሱን ወንበር ሰጥቶታል። የተናገረውም ከሕጉ የወጣ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ያልተመረመረና ያልተመዘገበ ተሽከርካሪ መንገድ ላይ መውጣት የለበትም። ይህ ትክክል ነው። የእኔ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። "ሳትመረመር እንዳትወጣ" ከተባለች የሚመረምራት ማን ነው? ማንም አላያትም። ፍሬኗን የሞከረ የለም። የወደቀችው ፈተና ላይ አይደለም፤ ቅጽ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ላንሳ። ዛሬ ሁላችንም እንደ መደበኛ ተሽከርካሪ የምናየው ባጃጅ ራሱ ከየት መጣ? ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጣልያኑ ፒያጆ ኩባንያ የአውሮፕላን መሐንዲስ በነበረው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ንድፍ እ.ኤ.አ በ1946 ቬስፓን አወጣ። ቬስፓ በጣልያንኛ ተርብ ማለት ነው። ብዙ ሳይቆይ እ.ኤ.አ በ1948 የቬስፓን ፊት ይዘው ከኋላ ሁለት ጎማና መጫኛ ጨመሩበትና አፔ አሉት፤ ንብ ማለት ነው። የህንዱ ባጃጅ አውቶ እ.ኤ.አ በ1960ዎቹ ከፒያጆ በተገኘ ፈቃድ ቬስፓን ሲያመርት ነበር። ባለ ሦስት እግሩም ከዚሁ ዘር ነው። እንግዲህ ባጃጅ ማለት ሦስተኛ ጎማ የተጨመረለት ስኩተር ነው። የሰፈራችን ልጅ የሠራው ሥራና የባጃጅ አመጣጥ በሐሳብ ደረጃ አንድ ናቸው። ፒያጆ ግን ፋብሪካ ነበረው፤ ልጁ ያለው ብየዳ ቤት ነው።

"ፋብሪካና ብየዳ ቤት አንድ አይደለም" የሚል ይኖራል። ትክክል ነው። ግን ሌላም ታሪክ አለ። በእንግሊዝ አገር በርት ግሪቭስ የሚባል ሰው ሽባ ለነበረው የአክስቱ ወይም የአጎቱ ልጅ፣ ለደሪ ፕሬስተን ኮብ፣ አንድ ሞተር ሳይክል እንዲነዳው አድርጎ አስማማለት። ከዚያ ሁለቱ ሆነው ኢንቫካር የሚባል ኩባንያ አቋቋሙ። የእንግሊዝ መንግሥትም ለአካል ጉዳተኞች እንዲህ ያሉ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪዎችን ለአሥርተ ዓመታት ሲያድል ኖረ። የኋላ ኋላ የደኅንነት ደረጃውን አላሟሉም ተብለው እ.ኤ.አ በ2003 ከመንገድ ታገዱ። ይህን መጨረሻውንም የምነግራችሁ በምክንያት ነው። አንድ ዘመድ ለዘመዱ የሠራው ነገር መንግሥት ሲያየው አገልግሎት ሆነ፤ ደረጃው ከፍ ሲል ደግሞ ወጣ። የገባውም የወጣውም በመለኪያ ነው። እኛ ጋ መለኪያው ጋ ሳይደረስ በሩ ተዘጋ።

ተቃራኒውን ክርክር ቀላል አላደርገውም። በቤት የተሠራ ተሽከርካሪ ሰው ይገድላል። የአጎቴ የመጀመሪያዋ ልትገድለው ነበር። በሰሜን ህንድ ገበሬዎች ከውኃ መሳቢያ ሞተር የሚሠሯቸው "ጁጋድ" የሚባሉ ተሽከርካሪዎች ሰው እየጫኑ ብዙ አደጋ አድርሰዋል። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ በ2013 እነዚህ የሞተር ተሽከርካሪዎች ስለሆኑ ሕጉን ሳያሟሉ መንገድ ላይ መውጣት የለባቸውም ብሏል። ሌላው ስጋት ስርቆት ነው። የተሰረቀ ሞተር ሳይክል ተፈትቶ "እኔ የሠራሁት ነው" ተብሎ ሊመጣ ይችላል። እነዚህ ሁለቱም የእውነት ስጋቶች ናቸው።

ግን ሁለቱም የሚጠይቁት ምርመራን ነው። በሩ ዝግ ሲሆን ጠንቃቃው እንደ አጎቴ ሸራ ያለብሳታል። ጠንቃቃ ያልሆነው ደግሞ በጨለማ፣ በውስጥ ለውስጥ፣ ያለ መድን ይነዳታል። ማለትም አሁን ያለው አሠራር የሚያስቆመው ሕግ የሚያከብረውን ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በእንግሊዝ አገር እስካሁን አንድ ሰው በቤቱ የሠራውን ተሽከርካሪ አንድ በአንድ አስመርምሮ የሚያስመዘግብበት መንገድ አለ። የህንድ የተሽከርካሪ ሕግም ለአካል ጉዳተኛ የተስማማ ተሽከርካሪን በስሙ ጠርቶ ያውቀዋል። እኛም ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አያስፈልገንም። በየክልሉ በወር አንድ ቀን፣ አንድ መካኒክና አንድ ሜዳ ይበቃል። የምጠይቀው ይህን ነው።

አንደኛ፣ የሞተሩና የዋና ዋና ክፍሎቹ የግዢ ማስረጃ ይቅረብ። ማስረጃ የሌለው አይመርመር። ሁለተኛ፣ ብየዳውና ሻንሲው በባለሙያ ይታይ። ሦስተኛ፣ ፍሬኑ በሜዳም በዳገትም፣ ባዶዋንም ሰው ይዛም ይፈተን። አራተኛ፣ በተለያየ ፍጥነት ታጥፋ ሚዛኗ ይታይ። አምስተኛ፣ ያለፈችው የሻንሲ ቁጥር ተመትቶላት ታርጋና ሊብሬ ይሰጣት፣ መድን ትግባ፣ እንደ ማንኛዋም በየዓመቱ ቦሎ ትመርመር። ገደብም ይኑር። ተሳፋሪ ጭና አትሥራ፣ አውራ ጎዳና አትውጣ፣ ፍጥነቷ ይወሰን። የወደቀችው ደግሞ ለምን እንደወደቀች በጽሑፍ ይነገራት፤ ሠሪው አስተካክሎ ይመለስ።

ይህ ልመና አይደለም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 20 አካል ጉዳተኞች በተቻለ መጠን ራሳቸውን ችለው፣ በመረጡት መንገድና በአቅማቸው እንዲንቀሳቀሱ መንግሥታት ርምጃ ይወስዳሉ ይላል። አጎቴ መንግሥት ተሽከርካሪ ይግዛልኝ አላለም። ራሱ አሠርቶ "እዩልኝ" ነው ያለው።

ጉዳዩም እየሰፋ ነው የሚሄደው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነበት ከ2016 ዓ.ም ወዲህ ሁሉም ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ አዙሯል። ነገ አንድ ወጣት የአሮጌ ስኩተርን ሞተር አውጥቶ ባትሪና የኤሌክትሪክ ሞተር ሲገጥም ምን ልንለው ነው? እሷም ቅጽ ላይ የለችም ልንል ነው? በአንድ በኩል ወጣቱ ሥራ ይፍጠር እንላለን፣ በሌላ በኩል የፈጠረውን የሚያይ ዓይን አላዘጋጀንም።

ልጁ አሁን በርና መስኮት ነው የሚበይደው። ሌላ እንዲህ ያለ ሥራ ይዘው ሁለት ሰዎች መጥተውበት ነበር፤ አንዷ ልጇን ትምህርት ቤት ማድረስ ያቃታት እናት ናት። "ታርጋ ካልወጣላት ብርዎን ምን አስጨረስኩ ማለት ነው" ብሎ መልሷቸዋል። አጎቴ በባጃጅ መመላለሱን ቀጥሏል። እሑድ እሑድ ሸራውን ገልጦ፣ ባትሪው እንዳይሞት፣ ሞተሯን ለአሥር ደቂቃ ያስነሳታል። ከዚያ መልሶ ይሸፍናታል።

ይህን ከምታነቡት መካከል በመንገድና ትራንስፖርት ዘርፍ የምትሠሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ታርጋ ስጡት አላልኩም። አንድ ቀን ቀጥራችሁ ፍሬኗን ሞክሩላት። ከወደቀች ሸራውን መልሶ የሚያለብሳት እሱ ራሱ ነው።