የአመጋገብ መዛባት ሕክምና የግድ ውድ ነውን?

«ወፈርሽ! ተመችቶሻል ማለት ነው» የሚለው ሰላምታ በየቤታችን ዛሬም ከምርቃት ይቆጠራል። ይኸው ቃል በተማሪዎች ዶርም ውስጥ ሲነገር ግን የሳምንት ምሳ ሊያስቀር እንደሚችል በግቢ የኖርን ሁሉ እናውቃለን። ምሳው ቀርቶ ማታ ተደብቆ ያለ ልክ መብላት፣ ከዚያ ጸጸት፣ ከጸጸቱም የተነሣ የበሉትን ሆን ብሎ ማስመለስ፣ በነጋታው ደግሞ ጨክኖ መራብ ሲከታተል ነገሩ የቁንጅና ጉዳይ መሆኑ ያከትማል። ሕመም ሆኗል ማለት ነው።

ሐኪሞች «የአመጋገብ መዛባት» በሚል የወል ስም ከሚጠሯቸው ሕመሞች መካከል ሦስቱ ጎልተው ይታወቃሉ። አኖሬክሲያ ነርቮሳ ሰውነት ከልክ በላይ ከስቶ ሳለ ምግብን አጥብቆ መሸሽ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከዊልያም ገል ነው። ቡሊሚያ ነርቮሳ ከላይ የገለጽነው አዙሪት ነው፤ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ በሕክምና ጽሑፍ የተገለጸው ግን በጣም ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ለንደን ውስጥ በጄራልድ ራስል ነበር። ሦስተኛው ማስመለስ የሌለበት፣ ሰው በራሱ ላይ ሥልጣን ያጣ እስኪመስለው ድረስ ደጋግሞ ያለ ልክ የመብላት ሕመም ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ «ራብን በሚያውቅ አገር ይህ የጥጋበኛ በሽታ ምን ያደርግልናል?» ቢለን አንቀየምም፤ ጥያቄው ከእኛም መካከል ተነሥቶ አከራክሮናል። ለመልሱ የሚረዳ አንድ ጥናት አለ። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አን ቤከር ቴሌቪዥን ገና በገባበት እ.ኤ.አ. በ1995፣ ከዚያም በ1998፣ በአንድ የፊጂ ደሴቶች አውራጃ የሚማሩ ልጃገረዶችን ጠየቁ። ክብደት ለመቀነስ አስመልሳለሁ ያለች ተማሪ በመጀመሪያው ዙር አንድም አልተገኘችም፤ በሁለተኛው ዙር 11.3 በመቶ ሆኑ። በየዙሩ የተጠየቁት ስድሳ ያህል ብቻ ስለነበሩ፣ ቴሌቪዥን ያልገባበት ማነጻጸሪያ ሥፍራም ስላልነበረ፣ ጥፋቱን ሁሉ በቴሌቪዥን ላይ መጫን አይቻልም። ቢሆንም ፊጂ ባለጸጋ አገር አልነበረችም፤ ሞላ ያለ ሰውነትም እንደ እኛው የጤናና የምቾት ምልክት ሆኖ የሚደነቅባት ነበረች።

ሌላው የተሳሳተ እምነት ሕመሙ የባሕርይ ድክመት ነው የሚለው ነው። ይህን የሚያፈርሰው እ.ኤ.አ. በ1944 በአሜሪካ ሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ሙከራ ነው። አንሰል ኪስ የተባሉት ሳይንቲስት በጦርነት የተራቡ ሕዝቦች እንዴት መመገብ እንዳለባቸው ለማወቅ ሲሉ፣ ፈቃደኛ የሆኑ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ለስድስት ወራት ያህል በግማሽ ራብ አቆዩ። ወጣቶቹ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። የሚገርመው ግን አእምሯቸው ላይ የታየው ለውጥ ነው። ቀን የሚያወሩት፣ ሌሊት የሚያልሙት ስለ ምግብ ሆነ፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ የሚሰበስቡ ታዩ፤ እገዳው ከተነሣ በኋላም ሆዳቸው ሞልቶ መብላት ማቆም ያቃታቸው ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ስለ ቁመናቸው የሚጨነቁ አልነበሩም። ያን ሁሉ ያመጣባቸው ራቡ ራሱ ነው።

የቡሊሚያ ሕክምና መነሻም ይኸው ነው። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ክሪስቶፈር ፌርበርንና ባልደረቦቻቸው ያዳበሩት የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ታማሚውን በመጀመሪያ የሚጠይቀው ነገር ከተጠበቀው ተቃራኒ ነው፤ ያለ ልክ እበላለሁ ብሎ የመጣውን ሰው በሰዓቱ ብላ ይለዋል። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ በመካከላቸውም መክሰስ። ረጅም የራብ ሰዓት ሲጠፋ የማታው ውድቀት እየሳሳ ይሄዳል። ሁለተኛው መሣሪያ ደብተር ነው፤ ምን እንደተበላ፣ መቼ፣ የት፣ በዚያ ሰዓትም ምን እንደተሰማ ወዲያው ይጻፍበታል። ሦስተኛው ዕውቀት ነው። የሚያስቀምጥ መድኃኒት በአብዛኛው የሚሠራው በትልቁ አንጀት ላይ በመሆኑ፣ ምግቡ እዚያ ሲደርስ ሰውነት የሚፈልገውን ኃይል ከትንሹ አንጀት ወስዶ ጨርሷል። በመድኃኒቱ የሚወጣው ውኃና ጨው ነው። ከጨዎቹ አንዱ የሆነው ፖታሲየም በደም ውስጥ ሲያንስ ደግሞ የልብ ምት ይዛባል፤ ሞትም ሊያስከትል ይችላል።

እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ እስካሁን ከጠቀስናቸው መሣሪያዎች መካከል በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ የለም። ሕክምናውን ውድ የሚያደርገው የስፔሻሊስቱ ሰዓትና የሆስፒታሉ አልጋ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ታማሚዎችን በዕጣ እየደለደሉ፣ ከሕክምናው የትኛው ክፍል ሥራውን እንደሚሠራ፣ የትኛውስ ሊቀር እንደሚችል መረመሩ። «በማስረጃ የተደገፈ» የሚለው አባባል ዋጋ ከመቀነስ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው፤ ምኑ እንደሚሠራ ያልተለየ ሕክምና ሁሉንም ነገር ይዞ መጓዝ ስላለበት ሁልጊዜ ውድ ነው። የእንግሊዝ ብሔራዊ የሕክምና መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2017 ለአዋቂ የቡሊሚያና ያለ ልክ የመብላት ታማሚዎች በመጀመሪያ እንዲሰጥ የመከረው በረዳት የሚመራ ራስን የማገዝ ሕክምና ነው። ታማሚው በጥናት ላይ የተመሠረተ መጽሐፍ ይዞ ይሠራል፤ ረዳቱም በ16 ሳምንት ውስጥ ከ4 እስከ 9 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 20 ደቂቃ ያህል ያገኘዋል። ሁሉም በዚህ አይድንም። ለቡሊሚያ በአራት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ካልታየ ወደ ሙሉው ሕክምና ማሳለፍ እንደሚገባ መመሪያው ራሱ ይናገራል። በሌላ በኩል ግሌን ዋለርና ባልደረቦቻቸው ያዘጋጁት የ10 ቀጠሮ ሕክምና ክትትል በሚደረግላቸው ጀማሪ ረዳቶች ሲሰጥ፣ ከረጅሙ ሕክምና ጋር የሚቀራረብ ውጤት ማሳየቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ተዘግቧል። ይህኛው በዕጣ የተደለደለ ማነጻጸሪያ ስላልነበረው ማስረጃነቱን በዚያው መጠን እንይዘዋለን።

አኖሬክሲያን በዚህ መንገድ እናክመዋለን የሚል ካለ አደገኛ ስሕተት ነው። በጣም የከሳ ሰው ሆስፒታል ያስፈልገዋል፤ ብዙ በተራበ ሰውነት ላይ ምግብ በአንድ ጊዜ ሲበዛበት እንኳ በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌት ወርዶ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። ለታዳጊዎች ግን እዚህም የቤት ውስጥ ኃይል አለ። በለንደኑ ሞድስሊ ሆስፒታል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1987 በታተመ ሙከራ፣ ሕመሙ ከ19 ዓመት በፊት የጀመራቸውና ሦስት ዓመት ያልሞላቸው ታማሚዎች ከግል ምክር ይልቅ በቤተሰብ ሕክምና ተሽሏቸው ተገኝቷል። በዚያ ሕክምና ወላጅ አይወቀስም፤ የልጁን ገበታ ለጊዜው በኃላፊነት ይረከባል እንጂ። ጉርሻን የፍቅር መግለጫ ላደረገ ሕዝብ ይህ እንግዳ ትምህርት አይመስለንም።

ታዲያ መጽሐፉን ተርጉመን እንጀምር? አይሆንም። አማርኛችን ስሜትን የሚያኖረው በሆድ ውስጥ ነው። ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል፤ ያልተነገረውን ሆድ ይፍጀው እንላለን፤ ያዘነም ሰው እህል አልወርድ አለኝ ይላል። በእስራኤል ከኢትዮጵያ የሄዱ ወጣቶችን ያከሙት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋዲ ቤንኤዘር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ ያነሡት ጥያቄም ይኸው ነበር። አኖሬክሲያ የሚመስለው ምግብን መተው፣ ሆዱ በሐዘን ስለሞላ ለእህል ቦታ ያጣ ሰው መከራን የሚችልበት መንገድ ቢሆንስ? በሆንግ ኮንግም ሲንግ ሊ እ.ኤ.አ. በ1993 ከገለጿቸው የአኖሬክሲያ ታማሚዎች መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የመወፈር ፍርሃት አልነበራቸውም። ስለዚህ «መወፈር ትፈሪያለሽ?» የሚለውን የውጭ መጠይቅ ብቻ ይዞ የተነሣ ነርስ የእኛዋን ታማሚ አልፏት ይሄዳል። ጾምን ሕመም ነው ብሎ የሚመዘግብ መጠይቅም፣ ጾምን ተገን አድርጋ የምትራበውን ልጅ የማይለይ መጠይቅም እኩል ይሳሳታሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ስፔሻሊስት ለሌላቸው የጤና ተቋማት ያዘጋጀው የአእምሮ ጤና መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 እትሙ ለእነዚህ ሕመሞች ራሱን የቻለ ምዕራፍ አልሰጠም። ክፍተቱን ለመሙላት መነሻ አለን። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ በታተመ፣ በአገራችን ገጠር በተካሄደ ሙከራ፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ሲታከሙ ያገኙት ውጤት በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚመራው ተመላላሽ ሕክምና ያነሰ አልነበረም። ያን የሚችል የጤና ሠራተኛ ሃያ ደቂቃ ተቀምጦ ደብተር ማንበብ የሚሳነው አይደለም።

እኛ የምንጠይቀው ይህንን ነው። የሥነ ልቦና፣ የሕክምናና የቋንቋ ክፍሎች በአንድነት ሆነው አንድ የራስ ማገዣ መጽሐፍ በባለመብቱ ፈቃድ ወደ አማርኛ ይመልሱ፤ ምሳሌዎቹ እንጀራንና ሽሮን፣ የጾም ወቅትንና የግቢ ካፌን የሚያውቁ ይሁኑ። ከዚያም በሁለት ወይም በሦስት ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎች ክሊኒክ ፈቃደኛ ታማሚዎች በዕጣ ተደልድለው፣ ግማሾቹ ወዲያው፣ ግማሾቹ ከ16 ሳምንት በኋላ ሕክምናውን ይጀምሩ። እጅግ የከሱት፣ ራሳቸውን የሚስቱት፣ የፖታሲየም መጠናቸው የወረደባቸው ዕጣ ውስጥ ሳይገቡ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይላኩ። ውጤቱ መልካም ባይሆንም እንኳ ይታተም። እስከዚያው ድረስ ይህን ጽሑፍ ራሷን እያየችበት የምታነብ፣ ወይም ራሱን እያየበት የሚያነብ ተማሪ ቢኖር፣ ክሊኒክ ገብቶ «ከምግብ ጋር ተጣልቻለሁ» ማለት በቂ ነው፤ የሕመሙን ስም ማወቅ የነርሷ ሥራ ነው።