ጎማውን ያላየ ገዢ

ሆንዳ ሲቢ 750 እ.ኤ.አ. በ1969 ስትወጣ አራት ሲሊንደርና 67 የፈረስ ጉልበት ይዛ ነበር። ዛሬ ብዙ ጀማሪ ለመልኳ ብሎ ይገዛታል።

የአውሮፓ ኅብረት ሕግ የኤ2 መንጃ ፈቃድ ያለውን ሰው ከ35 ኪሎ ዋት፣ ማለትም ከ47 የፈረስ ጉልበት ገደማ፣ በላይ እንዳይነዳ ይከለክላል። ተገቢ ነው። ግን በአሮጌ ሞተር ሳይክል ጀማሪን የሚጥለው ጉልበቱ ብቻ ነው?

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዓመታት የቆየው ዘይት ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላል፤ ፍሬኑ ሲጨበጥ ባዶ ይሆናል። ጎማም ጥርሱ ሳያልቅ ይደርቃል። ዕድሜው ጎኑ ላይ በአራት አኃዝ ተጽፏል፤ 2314 ማለት በ2014 23ኛ ሳምንት የተመረተ ነው። ስንቱ ገዢ ነው ጎንበስ ብሎ ይህን የሚያነበው? ታንከር መወልወል (ፎቶ ላይ ቢያምርም) ጥገና አይደለም።

የመጀመሪያው ገንዘብ ለጭስ ማውጫ ሳይሆን ለጎማ፣ ለፍሬን ዘይትና ለካቴና ይውጣ። ልምምዱም ባዶ ሜዳ ላይ፣ ከመሮጥ በፊት በመቆም ይጀመር። ይህች ሞተር ኤቢኤስ የላትም፤ የፊት ፍሬኗ በድንጋጤ ከተጨበጠ ጎማው ይቆለፋል፣ ከ200 ኪሎ በላይ ብረትም ከነነጂው ይወድቃል።