የጋሼ ካሴቶች ጋራዥ ውስጥ ናቸው

ዛሬ ፖለቲካ የለም። ኤርፖርት ተራ ይዤ ቁጭ ብያለሁ፣ ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ጽሑፉም ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

ቅዳሜ የአጎቴ አርባ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ፌርፋክስ ወርደን ቡና እየጠጣን ስለሱ ተወራ። ታታሪ ነበር፣ ልጆቹን አስተማረ፣ አገር ቤት ያሉትን ሲረዳ ኖረ። ሁሉም እውነት ነው። ስለ ክራሩ ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም።

ጋሼ ክራሩን በጋቢ ጠቅልሎ ትራንክ ውስጥ ይዞ ነበር የሚዞረው። እዚሁ ተራ ሲጠብቅ ያወጣና መጀመሪያ ትዝታ፣ ቀጥሎ ባቲ ይቃኛል። አንቺሆዬን ሥራ ላይ አይነካትም፤ «እሷን ከጀመርኩ ተራዬ ያልፈኛል» ይላል። ሌሊት ስለሚሠራ ልጆቹን የሚያስተኛቸው በስልክ ነበር። ስልኩን ዳሽቦርድ ላይ ያስቀምጥና ክራር ይደረድርላቸዋል። ትንሿ ልጁ አማርኛ ያዝ ያደርጋታል፣ ያቺን ዜማ ግን ዛሬም ሳህን ስታጥብ ታንጎራጉራታለች።

ሙዚቃው ትርፍ ነገር ነው የምትሉ ኃይሉ መርጊያን አስታውሱ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች፣ ሒልተንን ያደመቀ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር መጥቶ አሜሪካ ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑንና ኪቦርዱን ይዞ አንድ ካሴት ቀዳ፣ ከዚያ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ነዳ። ዳላስ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከትራንክ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ያንን ካሴት ባሕር ዳር ላይ ያገኘው አንድ አሜሪካዊ ነው። በ2013 እንደገና ታተመ፣ በ2018 «ላላ በሉ» ወጣ፣ ዓለም ሰማው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ካሴቱን ያገኘነው እኛ አለመሆናችን ነው። ስንቶቻችን እዚያው ዳላስ ከጎኑ ተሰልፈን ነበር!

ጋሼ ኃይሉ መርጊያ አልነበረም። እጁም አንዳንዴ ይስት ነበር። ግን የሚቀዳው የታወቀ ሰው ብቻ ነው ያለው ማነው? በ2002 ከተማው ይቺን ሰፈር «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሲሰይም ሁላችንም ጨፍረናል። በኦሊምፒክና በፒኮ መሀል ምልክት ተሰቀለ። በየቤታችን ያለውን ድምፅ ግን ማንም አይሰቅልልንም፤ እኛው ካላዳንነው ይጠፋል። አባት ወይም እናት በሕይወት ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ስልካችሁን አውጡና ቅዱ። ቢያፍሩም ለምኗቸው።

የአጎቴ ልጆች በወሩ መጨረሻ ቤቱን ያስረክባሉ። ጋራዥ ውስጥ አንድ ካርቶን ካሴት አለ፣ በጋሼ እጅ ጽሑፍ ቀን የተጻፈበት። ታላቁ ልጅ «በምን እናጫውተው? ይጣል» አለኝ። አልተቆጣሁትም፣ እውነቱን ነው፣ ማጫወቻ የለንም። ግን የዚህ አገር ጋራዥ በበጋ ምጣድ ነው፣ የካሴት ክር ደግሞ ሙቀት አይችልም። ነገ ከሥራ በፊት ሄጄ ካርቶኑን አመጣዋለሁ።

የሚሠራ የካሴት ዴክ ያለው ሰው ኢንቦክስ ያድርግልኝ። ብድሩን በቁርጥ እመልሳለሁ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ ሄድኩ።