የነፍሰ ጡር እናት የደም ምርመራ ወጪ፦ መመርመሪያው ርካሽ ነው፣ ከውጤቱ በኋላ ያለውንስ ማን ይክፈል?



ባለቤታቸውን ለእርግዝና ክትትል ይዘው የሚመጡ አባቶች ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሉኛል፦ «ዶክተር፣ እሷ እኮ ጤነኛ ናት፤ ይህ ሁሉ የደም ምርመራ ለምንድን ነው? ደግሞስ መንግሥት በጀት አጠረኝ እያለ ይህን በነጻ የሚያደርገው ከየት አምጥቶ ነው?» ሁለተኛው ጥያቄ የዋዛ አይደለም። ዛሬ በእሱ ላይ የራሴን አቋም ልጽፍላችሁ ነው።

በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ ለእናትየው በነጻ ነው። ነጻ ሲባል ግን ወጪ የለውም ማለት አይደለም፤ ከፋዩ ሌላ ነው። ከፊሉን የምንከፍለው እኛው በግብር ነው፣ ከፊሉን ደግሞ የውጭ ለጋሾች ይሸፍኑታል። ጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ዕርዳታውን ሲያቆም በሀገራችን በዚያ ገንዘብ ይቀጠሩ የነበሩ ወደ 5,000 የሚጠጉ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋርጧል። እነዚህ በአብዛኛው በኤችአይቪ ሥራ ላይ የነበሩ ናቸው። የሰው ገንዘብ በአንድ ደብዳቤ ሊቆም እንደሚችል ያን ጊዜ አይተናል። ስለዚህ «ምርመራው ይስፋ» ስንል ማን እስከ መቼ እንደሚከፍለው አብረን ማንሳት አለብን።

የሚመረመሩት በዋናነት ሦስት በሽታዎች ናቸው፦ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ እና ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ። ሦስቱም ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋሉ፤ ሦስቱም እናትየው ምንም ሳይሰማት በደሟ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ሀገራችንም ሦስቱን አንድ ላይ ለማስቆም ብሔራዊ ዕቅድ አውጥታለች።

የመመርመሪያው ዋጋ ብዙዎች ከሚገምቱት በጣም ያነሰ ነው። ኤችአይቪንና ቂጥኝን አንድ ላይ የሚያሳየው ፈጣን መመርመሪያ በጅምላ ሲገዛ አንድ ዶላር አካባቢ ነው። ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጠብታ ደም ይሠራል፤ ውጤቱም እናትየው ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ይደርሳል። ትልቅ ላብራቶሪ አይፈልግም፣ ቡሌ ደጋ ላይ ባለ ጤና ጣቢያም ይሠራል። ስለዚህ «ምርመራው ውድ ነው» የሚለውን ክርክር አልቀበለውም።

ገንዘቡ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው።

ቂጥኝን እንውሰድ። ካልታከመ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት እርግዝናዎች ላይ ጉዳት ያስከትላል፦ ውርጃ፣ ሞቶ መወለድ፣ ያለ ጊዜ መወለድ፣ በሽታውን ይዞ መወለድ። መድኃኒቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባል ርካሽና አሮጌ መርፌ ነው፤ ፅንሱንም የሚያክመው እሱ ነው። ነገር ግን በሽታው መቼ እንደያዛት ካልታወቀ መርፌው በየሳምንቱ ሦስት ጊዜ ይሰጣል። መሐል ላይ ከተቋረጠ እንደ አዲስ መጀመር ሊያስፈልግ ይችላል። አሁን ጊዜው ኅዳር ነው እንበል፤ በይርጋ ጨፌ ወይም በኮቸሬ የቡና ለቀማው ደርሷል። ከጤና ጣቢያው ርቃ የምትኖር እናት ሦስት ሳምንት ተከታታይ በሞተር ተሳፍራ ትምጣ ስንላት፣ የመሳፈሪያውም ሆነ የለቀማው ቀን ሒሳብ በማንም የበጀት መዝገብ ላይ አይጻፍም። ምርመራው በነጻ ነው ተብሎ ተመዝግቧል። እሷ ግን ከፍላለች።

በዚህ ላይ መርፌው ራሱ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ካለም ብዙ ባለሙያ የአለርጂ ድንገተኛ አደጋን ፈርቶ መስጠት አይወድም፣ «ሆስፒታል ሂጂ» ይላል። ፍርሃቱ መነሻ አለው። ነገር ግን አድሬናሊን በእጁ ካለና ከሠለጠነ በዚያው ጤና ጣቢያ መስጠት ይችላል። እንግዲህ የሥልጠናውና የአድሬናሊኑ ዋጋም የምርመራው ዋጋ ነው!

ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። በሀገራችን ነፍሰ ጡሮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ከ100 እናቶች በአምስት አካባቢ ላይ ይገኛል። በእናትየው ደም ውስጥ ያለው ቫይረስ ብዙ ከሆነና ምንም ካልተደረገ፣ ከ10 ሕፃናት ከ7 እስከ 9 የሚሆኑት ሊያዙ ይችላሉ። አዋቂ ሰው ሲያዝ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ራሱ ያጠፋዋል፤ ሲወለድ የተያዘ ሕፃን ግን ከ10 በዘጠኙ ላይ ዕድሜ ልክ ይቀራል። ይህ ልጅ ይማራል፣ ይሮጣል፣ ቡና ይለቅማል፤ ምንም አይታወቅበትም። ሠላሳና አርባ ዓመት ሲሞላው ሆዱ በውኃ ይነፋል። ሰው «የወፍ በሽታ ነው» ይለዋል። ቤተሰቡ መሬቱን አስይዞ አዲስ አበባ ድረስ ይዞት ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ግን ብዙ የሚደረግለት ነገር የለም። ምርመራ ባለማድረግ «የዳነው» ገንዘብ የሚከፈለው እንዲህ ነው።

ታዲያ ለሄፓታይተስ ቢ ገንዘቡ መጀመሪያ የት ይዋል? እዚህ ላይ አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ አይስማሙም፣ እኔ ግን በግልጽ እላለሁ፦ ለመመርመሪያውና ለክትባቱ የሚበቃ ገንዘብ አንድ ላይ ከሌለ፣ ክትባቱ ይቅደም። ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሰጠው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት የእናትየውን ውጤት ሳይጠብቅ ለሁሉም ሕፃን ሊሰጥ ይችላል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይህንኑ ይመክራል። በሀገራችን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በአምስቱ በሽታዎች ጥምር ክትባት ውስጥ የሚሰጠው በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ነው። ጥሩ ክትባት ነው፣ እንዳታስቀሩት። በወሊድ ጊዜ ለተያዘው ሕፃን ግን ስድስተኛው ሳምንት ዘግይቷል።

ምርመራው አያስፈልግም ማለቴ ግን አይደለም። ቫይረሱ በጣም የበዛባት እናት ልጅን ክትባት ብቻውን ላያድነው ይችላል፤ እሷ በእርግዝናዋ መሐል ጀምራ ቴኖፎቪር የተባለውን ክኒን መውሰድ አለባት። አስገራሚው ነገር፣ ይህ ክኒን ለኤችአይቪ ታካሚዎች በነጻ ከምንሰጣቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው። ሄፓታይተስ ያለባት እናት ግን በብዙ ቦታ ከኪሷ ገዝታ እንድትወስድ ስትጠየቅ ቆይታለች፤ የኤችአይቪው መድኃኒት በሌላ በጀት የመጣ ነዋ! የቫይረሱ መጠን ምርመራ በሌለበት ቦታም፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ውጤቷ ፖዘቲቭ ለሆነች ነፍሰ ጡር ክኒኑን መስጠት እንደሚቻል ይፈቅዳል። ምርመራን ማስፋፋት ማለት ይህን የበጀት አጥር ማፍረስ ማለት ነው እንጂ ካርቶን መመርመሪያ ማውረድ ብቻ አይደለም።

በከተማ ደግሞ ተቃራኒውን አያለሁ። አንዳንድ የግል ክሊኒኮች «ቶርች» የሚባል የምርመራ ጥቅል ለጤናማ ነፍሰ ጡር ሁሉ ያዛሉ። ፈረንሳይ ከዚህ በፊት ቶክሶፕላዝማ ያልያዛቸውን ነፍሰ ጡሮቿን በየወሩ ትመረምራለች፤ እሷ ግን ውጤቱን የሚያረጋግጥ ላብራቶሪና ተከታታይ ክትትል አላት። እኛ ዘንድ ምልክት ለሌላት እናት የሚወጣው ውጤት ብዙ ጊዜ የድሮ ሕመም አሻራ ነው፤ ትርፉ ጭንቀትና አላስፈላጊ መድኃኒት። የሕዝብ ገንዘብ ወደዚያ እንዲሄድ አልመክርም፤ የእናንተም ገንዘብ እንደዚያው።

በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ሀገራዊ ጥናት ከ100 እናቶች 74ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ የባለሙያ ክትትል አግኝተዋል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጀመሩት ግን 28 ብቻ፣ በጤና ተቋም የወለዱት 48 ናቸው። ከግማሽ በላይ ቤት የሚወለድ ከሆነ የ24 ሰዓቱን ክትባት ማን ያድርሰው? በእኔ አስተያየት አዲስ በጀት ከተገኘ ለአራተኛና ለአምስተኛ በሽታ መመርመሪያ ከመግዛት በፊት ለጤና ኤክስቴንሽኗ መጓጓዣ፣ ለክትባቱ ማቀዝቀዣና ለእናቶች ማቆያ ይዋል። የወረዳችሁ ወይም የጤና መድን ስብሰባ ሲጠራ፣ ወናጎም ሁኑ ገደብ፣ «ስንት እናት ተመረመረች?» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። «ቂጥኝ የተገኘባቸው ሁሉ መርፌውን ጨረሱ ወይ? የልደት ክትባቱስ በየትኛው ጤና ጣቢያ አለ?» በሉ።

እናቶች፣ እርግዝናውን እንዳወቃችሁ ሂዱ፤ ቂጥኝ ቢገኝ እንኳ ልጁ በደንብ እንዲጠበቅ ሕክምናው ከወሊድ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት መሰጠት አለበት። የሦስቱንም ውጤት በስም ጠይቁ፣ በካርዳችሁ ላይ ይጻፍ። አባቶች፣ ባለቤታችሁ ቂጥኝ ከተገኘባት እናንተም ትታከማላችሁ፣ አለዚያ መልሳችሁ ታስይዟታላችሁ። ሄፓታይተስ ቢ ሲገኝ ደግሞ «ከማን አመጣሽው?» ብሎ ጠብ መጀመር ተገቢ አይደለም፤ ከእናቷ ማሕፀን ይዛው የተወለደች ልትሆን ትችላለች። እናንተም ተመርመሩ፣ ነጻ ከሆናችሁ ክትባት አለ።

አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚመጣ እዚሁ ልመልሰው። ሄፓታይተስ ቢ ያለባት እናት ጡት ታጥባለች ወይ? አዎ፣ ታጥባለች።